የሻገተው ሽቦ

ልብስ ሰፊዋ መልስ ያላገኘችለት ጥያቄ ካለ የበላችው አይረጋላትም። ባሏ ይህን አመሏን በተጋቡ በሳምንቱ ደርሶበት «መርማሪዋ» የሚል ስም አወጣላት። የቧንቧው ውሃ ዛሬ ለምን ቀጠነ፣ ጎረቤትየው አጥሩን ለምን እስከ ግማሹ ብቻ ቀብቶ ተወው፣ ድመቷ ለምን ከሁሉም ወንበር ያንን አንዱን መረጠች፤ አንዴ ከጀመረች ሥሩን ሳታይ አትመለስም።

አንድ ሰኞ ጠዋት የስፌት መኪናዋ አመፀባት። የአርባ ነርሶች ጋወን ለመስፋት ተቀብላ ሰባተኛው ላይ ደርሳ ነበር። ፔዳሉን ስትረግጠው መኪናው «ድርርር» ይልና ኪሱን ግማሽ ላይ ሲያደርስ ቀጥ ይላል። ፔዳሉን በጫማዋ ጫፍ ጎሸም ስታደርገው ይነሳል፣ ሦስት ስፌት ሄዶ ይተኛል። ለመነችው፣ ሰደበችው፣ ዘይት አጠጣችው። ወይ ፍንክች!

በመጨረሻ ስፒናውን ከሶኬት ነቀለችና ፔዳሉን ገልብጣ በካቻቢቴ ፈታችው። ውስጡ ምላስ የመሰሉ ስስ የመዳብ ቁራጮች ተደርድረዋል። እርስ በርስ የሚነካኩበት ጫፋቸው ላይ አረንጓዴ ነገር ተጋግሯል። በጥፍሯ ፋቅ ስታደርገው እንደ ዱቄት ረገፈ።

«እማማ፣ ይምጡማ ይዩልኝ! ሽቦም ይሻግታል እንዴ?»

አማቷ ከማዕድ ቤት እጃቸውን እየጠረጉ መጡ። ከዓመት በፊት የራሳቸውን ቤት ዘግተው ከልጃቸው ጋር መኖር የጀመሩ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ንጽሕና የሚወዱ ሴት ናቸው። ወደዚህ ቤት ሲገቡ «እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም» ብለው የመታጠቢያ ቤቱን ጽዳት ለብቻቸው ወስደዋል፤ ሴራሚኩ ፊት ያሳያል። አረንጓዴውን አጎንብሰው አዩና ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ኤሌክትሪክ ነዋ የሚበላው። እሳት አይደል እንዴ? እሳት የገባበት ነገር መቼ ይተርፋል!»

ልብስ ሰፊዋ መልሱ አልተዋጠላትም። ፔዳሉን በጨርቅ ጠቅልላ ወጣች።

ሁለት መንገድ ተሻግሮ ሬዲዮና ካውያ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ አሉ። የመጣላቸውን ዕቃ ሁሉ ገና ሳይከፍቱት «ይሄማ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል» ስለሚሉ እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም ተረስቶ ጋሽ ኦፕራሲዮን ሆነው ቀርተዋል። ሱቃቸው አንድ ሰው ሲገባ አንድ ሰው መውጣት ያለበት ዓይነት ነው።

«ጋሼ፣ ሽቦዬ ሻገተብኝ።»

«ሽቦ አይሻግትም፤ ዳቦ ነው የሚሻግተው» አሉና መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። ፔዳሉን ወደ ብርሃኑ ዘንበል አድርገው አዩት፤ ደግመው አዩት። «አይ፣ ልክ ነሽ። ሻግቷል።»

እሷ በርጩማ ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። ሌላ ደንበኛ ዕቃውን ሰጥቶ ይሄዳል፤ እሷ ግን እጃቸውን ማየት ፈለገች። ሽማግሌው ጥጥ ክብሪት እንጨት ላይ ጠምጥመው አልኮል ነከሩና አንዱን ምላስ ጠረጉት። ጥጡ አረንጓዴ ሆነ። ሌላ ጥጥ፤ እሱም አረንጓዴ። አልለቅ ያለውን በተማሪ ላጲስ ቀስ እያሉ አሹት፤ ከሥሩ ሮዝ የመሰለ መዳብ ብቅ አለ።

«ከሚለፉ በብርጭቆ ወረቀት ቢያደርጉት አይፈጥንም?» አለች ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቁራጭ አንስታ።

«እንዳትነኪው!» ከእጇ ነጠቋት። «ብርጭቆ ወረቀት ይቧጭረዋል። በጭረቱ ውስጥ ቆሻሻው ይተኛበታል፤ ከዚያ በወሩ ተመልሰሽ እኔን ትሳደቢያለሽ። አንዳንዱ ዕቃ ደግሞ ላዩ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ሽፋን አለው፤ እሱ ከተላጠ አለቀለት። ላጲስ ይበቃል።»

«ታዲያ መኪናው ለምንድን ነው አንዴ የሚነሳው፣ አንዴ የሚተኛው? ወይ ይሥራ ወይ ይቁም እንጂ።»

ሽማግሌው ይህን ጥያቄ ወደዱት። እጃቸውን አቆሙ። «ዝገቱ ኤሌክትሪኩን አያሳልፈውም። ስትረግጪው ሁለቱ መዳቦች የሚነካኩት በአንዲት ንጹሕ ነጥብ ላይ ከሆነ ይሄዳል። ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ነጥቡን ይስታል፤ ቆመ። ጎሸም ስታደርጊው ሌላ ነጥብ ያገኛል።»

ሁሉንም ጠርገው በደረቅ ጨርቅ አበሱት፣ ከትንሽ ቆርቆሮ የመከላከያ ፈሳሽ ጠብ አደረጉበትና ገጣጠሙት። ሲሰጧት ግን እጃቸው ላይ ያዝ አደረጉት።

«ቤታችሁ ባሕር ዳርቻ ነው እንዴ?»

«ኧረ ጋሼ! ባሕርን በቴሌቪዥን ነው የማውቀው።»

«መኪናውን ከገዛሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?»

«ሁለት ዓመት አልሞላኝም።»

«ይሄ የአሥር ዓመት ዝገት ነው» አሉ። «ቤትሽ ውስጥ አንድ ነገር አለ። ምን እንደሆነ እኔ ከዚህ ሆኜ አላይልሽም።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ልብስ ሰፊዋ ልቧ አላረፈም።

መኪናው አሥራ ሁለት ቀን እንደ አዲስ ሠራ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ሃያ ስድስተኛው ጋወን ላይ፣ እንደገና ተንተባተበ። ፈታ ስታየው አረንጓዴው መዳቡን ዳር ዳሩን ይዞታል።

ባሏ ማተሚያ ቤት ነው የሚሠራው፤ ምሳውን ቤቱ መጥቶ ይበላል። የዚያን ዕለት ፔዳሉ ከሳህኑ አጠገብ ተፈታትቶ ጠበቀው።

«ዛሬ ምሳ ይሄ ነው?» አለ።

«ቀልዱን ተወውና ስማኝ። ፔዳሉ ዛገ። የእጅ ባትሪው አልበራ ካለ ሰነበተ፤ ዛሬ ብከፍተው ስፕሪንጉ ተበልቷል። የቴሌቪዥኑ ሪሞት ግን ደህና ነው። ለምን?»

«ርካሽ የባትሪ ድንጋይ እየገዛሽ ነዋ፤ እየፈሰሰ ነው ስፕሪንጉን የሚበላው።»

«ፔዳሉ ድንጋይ አለው?»

ባሏ ወደ ሳህኑ ተመልሶ ጎረሰ።

«እኔ ተናግሬያለሁ» አሉ አማቷ። «ኤሌክትሪኩ ነው።»

ከሰዓት በኋላ የጋወኖቹን ቁልፍ ለመትከል ከመሳቢያው አዲስ የመርፌ ፓኬት አወጣች። የስፌት ጠረጴዛዋ ሦስት መሳቢያ አለው፤ መርፌው ከታችኛው ነበር። ፓኬቱን ቀደደችው። ያልተነኩት መርፌዎች ቡናማ ነጥብ በነጥብ ሆነዋል። አንዱን ጨርቅ ላይ ብትሰካው አልሄድ ብሎ ያዛት።

ልብስ ሰፊዋ መርፌውን ይዛ ከወንበሯ ተነሳች። መርፌ ውስጥ ኤሌክትሪክ አይገባም። መርፌ ድንጋይ አይጎርስም። ያውም መርፌ ከነፓኬቱ! እንግዲህ የባሏም፣ የአማቷም ወሬ ውድቅ ሆነ። ነገሩ በሽቦ አይደለም የሚመጣው፤ በአየር ነው። ይህን ስታስብ ፍርሃት ሳይሆን ደስታ ነገር ሽው አለባት። ልጅ ሆና ሰዓት ፈትታ መግጠም ሲያቅታት እንዲህ ነበር የሚሰማት።

አሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ ፈልጋ ላስቲኩን ላጠችና መዳቡን በፒንሳ ስምንት ቦታ ቆረጠችው። እያንዳንዱን በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ አሽታ ወርቅ አስመሰለችው። ከዚያ በክር እያሰረች አንዱን ሳሎን፣ አንዱን ማዕድ ቤት፣ አንድ አንዱን በሁለቱ መኝታ ቤቶች፣ አንዱን መታጠቢያ ቤት፣ አንዱን ስፌት ክፍሏ፣ አንዱን ዕቃ ቤት፣ የመጨረሻውን በረንዳ ላይ ሰቀለች።

አማቷ ከአልጋቸው ራስጌ የተንጠለጠለውን ሲያዩ ደንገጥ አሉ። «ምንድን ነው ይሄ ልጄ? መተት ነው እንዴ?»

«አይ እማማ፣ የትኛው ክፍል እንደሚሻግት ልይ ብዬ ነው። እባክዎ እንዳይነኩብኝ።»

«ሌላ ሰው ቢያይ ምን ይለናል?»

ባሏ ደግሞ ከሥራ ሲመለስ የሳሎኑን ሽቦ ራሱ ጋ እያጋጨ ገባ። «ሌባ ቢገባ» አለ፣ «አዝኖልን ይወጣል።»

እሷ ጆሮ አልሰጠቻቸውም። ግምቷ መታጠቢያ ቤቱ ነበር፤ እንፋሎት ያለው እዚያ ነዋ። በየጠዋቱ ፊቷን ሳትታጠብ ስምንቱን ሽቦ ትዞራለች። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ያበራሉ። በሁለተኛው ቀን የመታጠቢያ ቤቱ ትንሽ ጠየም አለ፤ «አልኩኝ!» ብላ ልትሄድ ስትል ለወጉ ያህል ዕቃ ቤቱን ከፈተች። የዕቃ ቤቱ ሽቦ ጠቁሯል። በአራተኛው ቀን አረንጓዴ ሆነ። የስፌት ክፍሏ ተከተለው። ከመታጠቢያ ቤቱ በቀር ሌሎቹ እንዳማረባቸው ናቸው።

ግራ ገባት። ዕቃ ቤቱ ደረቅ ነው፤ ውሃ የሚባል አይገባበትም። የሰበሰቡት ነገር ባዶ ሻንጣ፣ መጥረጊያ፣ ባልዲ፣ የክረምት ብርድ ልብስ ነው። የእጅ ባትሪውም የሚቀመጠው እዚያ ነው። ከስፌት ክፍሏ የሚለየው የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ነው፤ ግድግዳው ደግሞ ወለሉን አይነካም፣ ከሥሩ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን በቃኝ ይል ነበር። እሷ ግን አምስት ሽቦ ደግሞ አሸችና ዕቃ ቤቱ ውስጥ ብቻ ሰቀለቻቸው፤ ሁለቱን ከላይኛው መደርደሪያ፣ አንዱን በሩ ላይ፣ ሁለቱን ከወለሉ አጠገብ። ሦስት ቀን ጠበቀች። የላዮቹ ደብዘዝ ብለዋል። የበሩም እንደዚያው። ከባልዲዎቹ ጀርባ ወለሉ ላይ ያስቀመጠችው ግን ሽቦ መሆኑም አይታወቅ፤ አረንጓዴና ነጭ ዱቄት ለብሷል።

እንግዲህ ከታች ነው። ፔዳሉ ወለል ላይ ነው። መርፌው ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ነበር። በጉልበቷ ተንበርክካ ባልዲዎቹን አንድ በአንድ አወጣች። ከጥጉ ላይ ቢጫ ጀሪካን ተቀምጧል። ክዳን የለውም፤ አፉ ላይ ጨርቅ ተወትፎበታል፣ ጨርቁም ነትቦ ወንፊት ሆኗል። ጠጋ ስትል አፍንጫዋን ቆነጠጣት፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። ሳትነካው ወደ ኋላዋ ሸሸችና በሩን ከፈት አድርጋ ተወችው።

አሲድ ነበር፤ የሴራሚክ ማጽጃው። አማቷ በሳምንት አንድ ቀን መታጠቢያ ቤቱን የሚያበሩበት።

ልብስ ሰፊዋ ኮሪደሩ ላይ ቆማ አሰበች። ደስታዋ ግማሹ ተነነ። ሴትየዋ በዚህ ቤት «የኔ» የሚሉት አንድ ሥራ ያ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር «መታጠቢያ ቤቱን አየሽው?» የሚሉ ሰው ናቸው። አሁን ሄዳ «ዕቃዬን ያበላሹት እርስዎ ነዎት» ብትል ቅስማቸው ነው የሚሰበረው። ዝም ብላ ጀሪካኑን ብታስወግድ ደግሞ ይፈልጉታል፤ ያኔ ይብሳል።

ስለዚህ አሥራ ሦስቱን ሽቦ ሰብስባ ምግብ ጠረጴዛው ላይ በየክፍሉ ደረደረችና አማቷን ጠራቻቸው።

«እማማ፣ ዓይንዎ ከኔ ይሻላል። እስቲ ያንብቡልኝ። ይሄ የሳሎን ነው፣ ይሄ የእርስዎ መኝታ ቤት፣ ይሄ የዕቃ ቤት...»

አማቷ መጀመሪያ ለማስደሰት ያህል ነው የተቀመጡት። ቆይተው ግን ሽቦዎቹን እያነሱ ማወዳደር ጀመሩ። «ይሄ ደህና ነው። ይሄም። ኧረ ይሄኛው ምን ነካው? የት ነበር?»

«ዕቃ ቤት፣ ወለል ላይ።»

«ይሄስ?»

«ዕቃ ቤት፣ መደርደሪያ ላይ።»

 ሁለቱን ሽቦ በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ። ከዚያ ቀስ ብለው አስቀመጧቸው።

«ወለሉ ላይ ያለው የኔ ጀሪካን ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ወንበሯን ጠጋ አደረገችላቸው።

«ክዳኑ ተሰንጥቆ ጣልኩት። ጨርቅ ይበቃዋል ብዬ።» ድምፃቸው ወረደ። «ቤታችሁን አነደድኩት በይኛ!»

«ኧረ በእናትዎ! አልነደደም። እኔስ ዓመት ሙሉ በበሩ ስመላለስ መች ሸተተኝ? ልብስ ሰፊ አፍንጫው በጨርቅ ብናኝ የተደፈነ ነው።»

«አትደባብሺኝ። ስንት ጊዜ ነው መኪናሽ የቆመው? ስንት ቀን ሥራ ፈታሽ?» ተነስተው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። ልብስ ሰፊዋ ሽቦዎቹን እንደገና ደረደረቻቸው። አማቷ ሳይዞሩ ተናገሩ።

«ግን እኮ ጨርቅ ነበረው። ፈሳሹም አልፈሰሰ። እንዴት ነው ከዚያ ተነስቶ ያንቺ መሳቢያ ውስጥ የሚገባው?»

ልብስ ሰፊዋ ይህን ጥያቄ ስትሰማ አንጀቷ ራሰ። «እንደ ሽንኩርት ነው እማማ። ሽንኩርቱ ሳይመጣ ነው ዓይናችን የሚያለቅሰው። ትነቱ ነው የሚሄደው፤ ከአየሩ ከበድ ስለሚል ደግሞ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ብረት ሲያገኝ አይምረውም።»

«ወይ ጉድ» አሉ አማቷ ዞረው። «መሬት ለመሬት!»

ጀሪካኑን በማግስቱ ሴራሚክ የሚያነጥፍ የሰፈሩ ግንበኛ ወሰደው። ጓንት አድርጎ፣ በደንብ የሚዘጋ ዕቃ ይዞ መጥቶ፣ ደጅ ላይ ወደዚያ ዕቃ ገለበጠውና «ይሄንን ቤት ውስጥ?» ብሎ ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። አማቷ ያንን ንግግር አልረሱለትም። ሴራሚኩን ግን ከዚያ በኋላ በሳሙናና በብሩሽ ማሸት ያዙ፤ «ጊዜ ይፈጃል እንጂ ያው ነው» ይላሉ። ያው አልነበረም፤ ትንሽ ደብዘዝ ብሏል። ማንም አልተናገረም።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሁለቱ ሴቶች በረንዳው ላይ ጋዜጣ አንጥፈው ተቀመጡ። የዛገውን ሁሉ አወጡት፤ ፔዳሉን፣ የእጅ ባትሪውን፣ ዕቃ ቤት የከረመውን የግድግዳ ሰዓት። ልብስ ሰፊዋ ጋሽ ኦፕራሲዮን ጋ ሄዳ ደግማ ጠይቃለች። አልኮል፣ ጥጥ፣ ላጲስ አለ። የእጅ ባትሪው ስፕሪንግ ላይ ከድንጋዩ የፈሰሰ ነጭ ቅርፊት ስለነበረበት አቼቶ በጥጥ ጠብ አደረጉበት፤ «ቺስስ» ብሎ አረፋ ደፈቀ።

«ይሄስ አሲድ አይደለም?» አሉ አማቷ በጥርጣሬ።

«ነው፤ ግን ደካማ ነው። እሱንም ወዲያው ጠርገን ካላደረቅነው ራሱ ይበላዋል ብለዋል ጋሼ።»

ፀሐይ ላይ አሰጡት። ሲደርቅ ልብስ ሰፊዋ በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ ቫዝሊን አንስታ ስፕሪንጉን በስሱ ቀባችው፤ አየርና እርጥበት እንዳያገኘው። አማቷ አይተው ሰዓቱን ራሳቸው ወሰዱ፤ እንደ ሕፃን ገላ አድርገው ሊለቀልቁት ሲሉ ያዘቻቸው።

«ጠብታ ብቻ እማማ። ሲበዛ አቧራ ይሰበስባል።»

«ፔዳሉንስ?»

«እሱን በቫዝሊን አንነካውም። ሶኬት ላይ የሚሰካ ነገር ውስጥ ቫዝሊን አይገባም፤ ይግላል፣ ይቃጠላል። እሱን ጋሼ በራሳቸው ፈሳሽ ያደርጉልኛል።»

አርባው ጋወን በቀኑ ደረሰ። ፔዳሉን በወሩ ፈታ አየችው፤ መዳቡ ሮዝ እንደሆነ ነው። በሁለተኛው ወር አየችው፤ ያው። በሦስተኛው ወር ባሏ «አሁንስ የሚያበላሸው መፈታቱ ነው» አላት። አንድ ነገር ብቻ እንዳሰበችው አልሆነም። ከሰዓት በኋላ ዓይኗ የሚያለቅሰው፣ ክር መርፌ ውስጥ አልገባ የሚላት፣ በዚያው በትነቱ ሰበብ መስሏት ነበር። ማልቀሱ ቆመ፤ ክሩ ግን አልገባ እንዳለ ነው። መነጽር አሠራች።

አንድ ቀን፣ ዝናብ ጥሎ ሲያባራ፣ አማቷ ነጠላ ጫማቸውን እያንቋቁ ስፌት ክፍሏ ደጃፍ መጥተው ቆሙ።

«አንቺ መርማሪ፣ ሥራ አለሽ?»

«ምን ሆኑ እማማ?»

«የውጭ በሩ ደወል። ፀሐይ ሲሆን ይጮሃል፣ ዝናብ ሲሆን ድምፁ ይጠፋል። አራት ቀን ሙሉ ተከታተልኩት፤ ጽፌዋለሁ።» እውነትም ወረቀት ይዘዋል።

ልብስ ሰፊዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ካቻቢቴውን አነሳች። ቆጣሪው ጋ ሄዳ ኃይሉን አጠፋች፤ ጥጥና አልኮሉን አማቷ ያዙ። ዝገት ነው ብለው ተማምነው ነበር የወጡት። የደወሉን መጫኛ ሁለቱን ብሎን ፈታ ሽፋኑን ስታነሳው፣ ከውስጡ ጉንዳን ነው የተንዠቀዠቀው። እንቁላላቸውን የተሸከሙ፣ መቶ ይሁኑ ሁለት መቶ፣ በግድግዳው ላይ ወደ ላይም ወደ ታችም ተበተኑ። ከሽቦው ሥር የአፈር ጎጆ ሠርተዋል።

አማቷ ጥጡን ጥለው ወደ ኋላ ዘለሉ፤ ከዚያ ሳቅ አፈናቸው። ልብስ ሰፊዋም ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች። ሳቃቸው ሲበርድ አሮጊቷ ጠጋ ብለው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ የጎጆውን ውስጥ ማየት ጀመሩ።

«ይሄን ሁሉ ግቢ ትተው» አሉ፣ «ምን አግኝተውበት ነው እዚህ የገቡት?»

«ሙቀት ይሆን?»

«ሲዘንብስ ለምን ያስቆሙታል?»

ልብስ ሰፊዋ መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ አጠገባቸው አጎነበሰች።